ሁሉንም ያሳለፈው ፕሮግራም

እእ... እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች፣ እሺ። የጎረቤቴ ዶሮ ዛሬ ድምፁ የለም። ወይ ተኝቷል፣ ወይ... አልጠይቅም።

የቻርጀሩን ጉድ ክፍል ሁለት ዛሬ ብዬ ነበር። ይቆየን። የቅዳሜው የሚጡ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የሲ፣ የፕሮግራም ቋንቋው፣ የቤት ሥራ ነው። ፕሮግራሙ የፈተና ውጤት ይቀበላል፣ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ «አልፏል» ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። መጀመሪያ ቁጥር ስታስገባለት ወዲያው ሞተ፤ ሴግሜንቴሽን ፎልት፣ ያልተፈቀደለትን የሜሞሪ ቦታ ነካ ማለት ነው። ቁጥሩን የሚያነበው ስካንኤፍ ውስጥ አምፐርሳንዷን፣ «አድራሻው» የምትለዋን ምልክት፣ ረስታታለች። «ፖስተኛውን የቤቱን አድራሻ ስጪው ሲሉሽ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ዕቃ ሰጠሽው» አልኳት። ሳቀች፣ አስተካከለች።

ከዚያ 72 አስገባች። አልፏል። 12 አስገባች። አልፏል። ዜሮ። አልፏል! በሳቅ ሞትን።

እኔ ከትከሻዋ በላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ኢፍ፣ «ከሆነ» ማለት ነው፣ ቅንፍ፣ ውጤቱ ከ50 ይበልጣል ወይም እኩል ነው፣ ቅንፍ ዝጋ... እና ሴሚኮለን፣ ያቺ ትእዛዝ የምትዘጋው ምልክት። እዚያ ምን ትሠራለች? ለኮምፒውተሩ «50 ካመጣ ምንም አታድርግ» ማለት ሆነ። ከሥር ያለው «አልፏል» ከኢፉ ጋር ዝምድናው ተቆረጠ። ገባ ብሎ ቢጻፍም ሲ ለክፍት ቦታ ደንታ የለውም። የሚያናድደው ደግሞ ሕጋዊ መሆኑ ነው። ኮዱን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ጂሲሲ ትንፍሽ አይልም፤ ዳሽ ደብሊው ኤክስትራ የሚባለውን የተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ትእዛዝ ስትጨምሩለት ነው «ይሄ ኢፍ ባዶ ነው እኮ» የሚላችሁ። የእኛን ድርብ ሰረዝ ብትጽፍበት እኮ ይጮህ ነበር! በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ ዴኒስ ሪቺ ሲን ሲሠራ መቼም የእኛ ድርብ ሰረዝ በሐሳቡ አልመጣም... ምን እያልኩ ነበር?

አዎ። እኔ ምን አልኩ? «ሚጡ፣ ፈተናውን ያንቺ ፕሮግራም ቢያርመው ኖሮ አገር ምድሩ ያልፍ ነበር።»

ለቀልድ ነው። በእናቴ ለቀልድ ነው።

እሷ የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወስደው የፈተኗቸው፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት። ብርድ ልብስ ይዛ ስትሄድ አውቶቡስ ተራ የሸኘኋት እኔ ነኝ። እንዴት ይረሳል? ረሳሁት። ማለቴ አልረሳሁትም፣ ግን አፌ ቀደመ።

እሷም ሳቀች መጀመሪያ። ከዚያ «ያኔ ብጽፈው ነበር ጋሼ» አለች። ለእኔ አይደለም፣ ለስክሪኑ ነው የምትመስለው።

«መስመር ሰባት ላይ...» ብዬ ጣቴን ዘረጋሁ። አላየችውም። 47 አስገባች። አልፏል። ትንሽ አየችው። ከዚያ ራሷ ሴሚኮለኗን አጠፋች፣ እንደገና አስነሳችው፣ 47።

ምንም። ባዶ መስመር። ኤልስ፣ «ካልሆነስ» የሚለው፣ የለውማ! ያላለፈ ሰው ምንም አይባልም። ያቺ ነጭ ምልክት ብቻ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።

«ሠራ» አለችኝ። ላፕቶፑን ዘጋች። «ኤልስ ጨምሪበት» ልላት ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ... ለካ እሱን ባልኩ ምን እንዲጽፍ ልነግራት ነው? «ወድቋል»?

ትናንት ደውላ ስለ ፎር ሉፕ ጠየቀችኝ። ድምጿ ደህና ነው። ወይ ደህና እንዲሆን ስለፈለግኩ መሰለኝ። ይቅርታ ልበላት? ምናልባት እኔ ነኝ ያከበድኩት፣ እሷ ረስታዋለች። ግን 47ን ለምን መረጠች? 12 ነበር፣ ዜሮ ነበር... ውጤቷን ነግራኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄ...

ኧረ! ዶሮው። አለ ለካ። ቆዩ መስኮቱን...