ጤነኛ ጥርስ አይነቀልም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጀርባዬ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዝናቡ አይደለም። ሳሎኔን ግማሽ የያዘው ፒንቦል ነው። ለቅጂው ስል ላጠፋው ነበር፣ ግን ካጠፋሁት ነገ አልነሳም ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ለማታውቁት፣ ፒንቦል ማለት ዘንበል ያለ፣ ላዩ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ሣጥን ነው። ውስጡ 80 ግራም ገደማ የምትመዝን የብረት ኳስ ትሮጣለች፣ እናንተ ደግሞ ታች ባሉት ሁለት ክንፎች እየመታችሁ ታች ወዳለው ቀዳዳ እንዳትገባ ትከላከላላችሁ። ክንፎቹ ፍሊፐር ይባላሉ፣ ጣሊያኖች ጨዋታውን ራሱን በዚሁ ስም ይጠሩታል። እኛ ሰፈር የነበረው ጆተኒ ነው። ፒንቦል ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅ ሆኜ፣ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ሌላ ሰው ሲጫወት ቆሜ አየሁ፣ ሳንቲም አልነበረኝም። ያ ቤት አሁን የለም፣ ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ፍሪጆች መሀል እግሩ ተፈቶ ተጋድሞ ሳየው ዋጋ መከራከር እንኳ ረሳሁ። ሻጩ «ጌም ነው፣ ይሠራል» አለኝ። ይሠራል ማለት ለካ መብራቱ ይበራል ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ቺካጎ የተሠራ፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ አራት ኪሎ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ከወዛደሮቹ አንዱ «ውስጡ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ቤትህን ቁማር ቤት አደረግከው?» አልፈርድባትም። ኒው ዮርክም እንደ እሷ አስባ ከ1940ዎቹ እስከ 1976 ድረስ ከልክላው ነበር። መጀመሪያ ላይ እኮ ፍሊፐር የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ኳሷን ለቀህ መጸለይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚመታ ፍሊፐር የመጣው በ1947 ነው፣ ጎትሊብ የሚባል የቺካጎ ኩባንያ ሀምፕቲ ደምፕቲ ባለው ማሽን ላይ ገጠመው።

የእኔ ማሽን ችግር ደግሞ እዚያው ፍሊፐሩ ላይ ነበር። ቀኙ ደህና ነው፣ ግራው ግን ኳሷን ገፋ አድርጎ ይተዋታል፣ ልክ ምሳ ሳይበላ እንደዋለ ሰው። እኔ ምን አደረግኩ? ጀማሪ የታመመውን ሳያሳክም ልብስ ይገዛለታል። አምፖሎቹን በሙሉ አውጥቼ በነጭ ኤልኢዲ ቀየርኳቸው። ሙቀት ቀነሰ፣ የሚበላው ኤሌክትሪክም ቀነሰ፣ ማሽኑ ግን ፋርማሲ መሰለ። እንደገና ሁሉንም ነቅዬ ቢጫውን ገዛሁ። የተበጣጠሱትን ጎማዎች ደግሞ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጬ ተካኋቸው፣ ጥቁር ዱቄት እያራገፉ ሰሌዳውን አበላሹት። እሱን ተዉት።

ከዚያ ኮይሉ፣ ማለትም ፍሊፐሩን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅልል፣ ተቃጥሎ ነው ብዬ ወሰንኩ። በምን አወቅህ አትበሉኝ። ከሶኬት ነቅዬ፣ ሽቦዎቹን በካውያ አላቅቄ፣ ኮይሉን በፌስታል ይዤ መርካቶ ሞተር ወደሚጠቀልሉ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ።

«ምን ሆነ ይሄ፣ ልጄ?»

«ደክሞ ነው ጋሼ፣ ይጠቅለልልኝ።»

ቴስተራቸውን አወጡ፣ ለኩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና ለኩ። «ሁለት ጥቅልል ነው ያለው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ሁለቱም ደህና ናቸው። ቀጭኑ ሥራው ምንድነው?»

ዝም አልኩ።

«ሥራውን የማታውቀውን ነው ልታስጠቀልል የመጣኸው? ጤነኛ ጥርስ አይነቀልም፣ ሂድ።» ብር ልስጥ ብል እምቢ አሉ።

በእውነት አፈርኩ። ግን ታክሲ ውስጥም፣ ቤት ስገባም፣ ያ ጥያቄ አልለቀኝም፣ ቀጭኑ ሥራው ምንድነው? ማታውን ስፈልግ አገኘሁት። ወፍራሙ ሽቦ ጉልበቱ ነው፣ ኳሷን የሚመታው እሱ ነው፣ ግን ቁልፉን ተጭነህ ከቆየህ ብቻውን ወዲያው ጢስ ያወጣል። ስለዚህ ፍሊፐሩ ጫፍ ሲደርስ አንድ ትንሽ ስዊች ይከፈትና ኤሌክትሪኩ በቀጭኑም በኩል እንዲያልፍ ይገደዳል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉን ከፍ አድርጎ ለመያዝ ግን ይበቃል። የእኔ ስዊች አፉ ጠቁሮ ስለነበር ተዘግቶም አያስተላልፍም። ፍሊፐሩ ከመነሻው ጀምሮ በቀጭኑ በኩል እየሄደ ነበር ማለት ነው። ኮይሉ ምንም አላጠፋም።

ኮይሉን መለስኩ፣ ስዊቹን በቀጭን ሞረድ ሦስት ጊዜ አሸት አሸት አደረግኩ፣ ሰካሁ፣ ተጫንኩ። ኳሷ ላይ ድረስ ተወርውራ ከመስታወቱ ጋር ተላተመች፣ እኔም ስጮህ ጎረቤቴ በር አንኳኳች።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። በነጋታው ልቤ አብጦ፣ የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ነጥብ የሚቆጥሩትን ትናንሽ ስዊቾች መፈተግ ጀመርኩ። የፍሊፐሩ ስዊች አፍ ተንግስተን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሞረድ ይችላል። ትናንሾቹ ግን ስስ ወርቅ የተቀቡ ናቸው፣ መሀላቸው ንጹሕ የቢዝነስ ካርድ አስገብቶ ሳብ ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ወርቁን ፍቄ ጣልኩት። ሁለቱ አሁን ሲፈልጉ ይቆጥራሉ፣ ሳይፈልጉ ይተዋሉ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ለበዓል ትመጣለች፣ ሁለት ስዊች ይዘሽልኝ ነይ አልኳት። «የማንን ጫማ ከሻንጣዬ ላውጣ?» አለችኝ። ሁለቱም ተደምረው አንድ የሻይ ማንኪያ አያክሉም ብዬ ፎቶ ላክሁላት። አይታዋለች፣ መልስ ግን እስካሁን የለም።