የጉርጥ ሳንባ ውስጥ የሚኖረው ትል፦ ጅማ ላይ ለሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የክበቡ ልጆች ሲጋብዙኝ «ስለፈለጉት ነገር ይናገሩ» አሉኝ። እኔ የፈለግሁት ትል ነው። ያውም ጉርጥ ሳንባ ውስጥ የሚኖር ትል። ምሳ ያልበላችሁ ካላችሁ ይቅርታ።

ጉርጥን ለጅማ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ዝናቡ ሲጀምር አዌቱ ወንዝ ዳር አለ፣ ቦዬ ረግረግ አለ፣ በየግቢው ቧንቧ ሥርም አለ። ማታ መብራት ሥር ቁጭ ብሎ የሚወድቁትን ነፍሳት ይለቅማል። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፣ እሱ ግን ማንንም አይነካም። የዛሬው ጉዳዬ ሳንባው ውስጥ ያለው ነው።

ራብዲያስ የሚባሉ ድቡልቡል ትሎች አሉ። ብዙ ዝርያ አላቸው። በአፍሪካም ሆነ በሌሎች አህጉሮች በጉርጥና በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ይገኛሉ። አዋቂው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በዓይን ይታያል። ነጣ ያለ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር መስመር አለው። ያ መስመር አንጀቱ ነው። ያጠቆረው ደግሞ የጉርጡ ደም ነው።

መጀመሪያ የሌለውን ልንገራችሁ። ዓይን የለውም። እግር የለውም። ልብና የደም ሥር የለውም። ሳንባ ውስጥ እየኖረ የራሱ ሳንባ የለውም። ቀጭን ስለሆነ አየሩ በቆዳው ሰርጎ ይገባለታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ኋላ ቀር ፍጥረት ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ዓይን ጨለማ ውስጥ ምን ያደርግለታል? ምግቡ አፉ ሥር ነው፣ እግር ወዴት ሊሄድበት? የዚህን ትል አካል የምንረዳው የት እንደሚኖር ስናውቅ ነው።

አሁን ያለውን እንይ። ከውጭ ጠንካራ ልባስ ለብሷል። ራብዲያስ ላይ ይህ ልባስ ብዙ ጊዜ ከሥጋው ለቀቅ ብሎ የተነፋ ይመስላል። ከእሱ ሥር ጡንቻዎቹ አሉ፤ ሁሉም ከራስ ወደ ጅራት የተዘረጉ ናቸው። ወገቡን ዙሪያውን የሚያስር ጡንቻ የለም። ለዚህ ነው ድቡልቡል ትል እንደ መሬት ትል ማጠርና መርዘም የማይችለው፤ መተጣጠፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። አጥንትም የለውም። በሰውነቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በግፊት እንደ ተነፋ የብስክሌት ጎማ ወጥሮ ይይዘዋል።

ግፊቱ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ውስጡ እንዲህ ከተወጠረ አንጀቱ ይጨፈለቃል። ታዲያ እንዴት ይውጣል? መልሱ ጉሮሮው ነው። ወፍራም፣ ጡንቻ የሞላበት ቱቦ ነው። የውስጥ ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን አለው። ጡንቻው ሲኮማተር ቀዳዳው ይከፈትና ደሙን ይስባል፤ ሲላላ ይዘጋና ወደ አንጀት ይገፋዋል። ፓምፕ ነው በቃ። የአንጀቱ ግድግዳ ደግሞ የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ነው ያለው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የነርቩ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ነርቭ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ድቡልቡል ትሎች ላይ ግን ጡንቻው ራሱ ቀጭን ክንድ ዘርግቶ ወደ ነርቩ ይሄዳል፣ ትእዛዝ ሊቀበል። ስንት ዓመት አስተምሬው አሁንም ይደንቀኛል።

የቀረው የሰውነቱ ክፍል በሙሉ ማለት ይቻላል ለመራባት የተሰጠ ነው። ሁለት ማህፀን አለው። አንዱ ወደ ራስ፣ አንዱ ወደ ጅራት ይዘረጋሉ፤ መሃል አካባቢ ባለች አንዲት ቀዳዳ ይገናኛሉ። ሁለቱም በእንቁላል ጢም ያሉ ናቸው። ብታዩት ሴት ነው ትላላችሁ። ነገር ግን ይኸው ፍጥረት በመጀመሪያ የወንድ ዘር ያመርታል፣ ያጠራቅማል፣ ከዚያ እንቁላል ማምረት ሲጀምር በራሱ ዘር ያዳብረዋል። ጋብቻ የለ፣ ሽማግሌ መላክ የለ። አንድ ትል ብቻውን ሳንባ ውስጥ ቢገባም ዘሩ አይቋረጥም።

እንቁላሉ ከሳንባ እንዴት ይወጣል? ጉርጡ ራሱ ያወጣለታል። በሳንባው መንገድ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ወደ አፉ ይገፉታል፣ ጉርጡም ይውጠዋል። አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገ ትል፣ ሆኖ ከኩስ ጋር ይወጣል።

ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ጋ ነው። እርጥብ አፈር ላይ የወደቀው እጭ ብዙ ጊዜ እናቱን አይመስልም። ወንድና ሴት ሆኖ ያድጋል! አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ደም አይጠጣም፤ ባክቴሪያ ነው የሚበላው። ጉሮሮው ጫፍ ላይ ባክቴሪያ የሚፈጭ እብጠት አለው። ወንዱ ለማዳቀያ ሁለት ሹል አካላት አሉት። ከሴቷ የሚወለዱት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም እናታቸው ሆድ ውስጥ ተፈልፍለው ከውስጥ ይበሏታል። ባዶ ልባሷ ይቀራል። አዎ፣ ያስከፋል። ግን ጉርጥ ፍለጋ የሚወጡት እነዚህ ስንቃቸውን ከእሷ ጨርሰው ነው፤ ጉርጥ እስኪያገኙ ድረስ ምንም አይበሉም።

አንድ ዝርያ፣ ሁለት ዓይነት አካል። ይህን የደረሱበት ጀርመን አገር ጊሰን ከተማ፣ በ1865 እ.ኤ.አ. ነው። የእንቁራሪት ሳንባ ትል ሲመረምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሩዶልፍ ሉካርትና የ20 ዓመቱ ወጣት ኢልያ ሜችኒኮቭ ናቸው። ከዚያ ግኝቱ የማን ነው ተባብለው ተጣሉ። ሳይንቲስቶችም እንደኛው ናቸው። ሜችኒኮቭ ኋላ ሰውነታችን ጀርምን እንዴት እንደሚከላከል በማጥናቱ በ1908 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እጩ የጉርጡን ቆዳ በስቶ ይገባል፣ በሰውነቱ ውስጥ ተጉዞ ሳንባ ይፈልጋል። ሳንባ ያላገኘ አያድግም። በጣም የሚጎዱት ገና ከውሃ የወጡ ትንንሽ ጉርጦች ናቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. ወደ አውስትራሊያ በተወሰደው ትልቁ የደቡብ አሜሪካ ጉርጥ ላይ እንደታየው፣ ትሉ ያለባቸው ሕፃናት ጉርጦች ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ብዙዎቹም ይሞታሉ። የሚገርመው ጉርጦቹ አዲስ መሬት ሲይዙ ትሉ ወዲያው አይደርስባቸውም፤ ከፊት ያሉት ለተወሰነ ጊዜ ከእሱ ነፃ ሆነው ይኖራሉ።

ወላጆች፣ ይህ ለእኛ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የጉርጡ ትል ወደ ሰው አይተላለፍም። የእሱ ዘመድ የሆነው ስትሮንጂሎይደስ ግን የሚኖረው ሰው ውስጥ ነው። እሱም አፈር ላይ የሚኖር ሌላ ትውልድ አለው። እሱም በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፣ በሳንባ አልፎ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ተውጦ አንጀት ይገባል። ቡና ለቀማ በባዶ እግሩ የሚወጣ ልጅ ካለ ጫማ ግዙለት። ሰገራ ውስጥም የሚገኘው እንደ ጉርጡ ሁሉ እጩ ነው፣ እንቁላሉ አይደለም። ስለዚህ በተለመደው ምርመራ በቀላሉ ያመልጣል። ለወስፋት የምንውጠው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞልም ብዙ ጊዜ አያጠፋውም፤ የተሻለው አይቨርሜክቲን ነው፣ እሱም በሐኪም ትእዛዝ።

ተማሪዎች፣ ይህን ሁሉ ለማየት ጉርጥ ማረድ የለባችሁም። አደራ፣ አትረዱ። እኔ ያመጣሁት ከትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ የተወሰደ እርጥብ አፈር ነው። ትናንት ማታ በሻሽ ጠቅልዬ ለብ ያለ ውሃ የሞላበት ማጣሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ትሎቹ ከአፈሩ ወጥተው ወደ ታች ይሰምጣሉ። አብዛኞቹ ማንንም የማይጎዱ ባክቴሪያ በሊዎች ናቸው። ያ የሚፈጭ ጉሮሮ ግን ብዙዎቹ ላይ አለ፣ ሲመታም በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ማይክሮስኮፖቹ ሦስት ናቸው፣ ከኋላ በመስኮቱ በኩል። መጀመሪያ ዘጠነኛ ክፍሎች ይምጡ፣ ቀጥሎ አሥረኛ። ጓንት ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ወላጆችም ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ልጆቹን አስቀድሙና ኑ።