የቫይታሚን ዲ ቁጥር ሲጨምር ልባችን ምን ያገኛል?

እንደምን አመሻችሁ? ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላችሁ፣ ደክሟችሁም ጭምር ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሐኪም ነኝ። ንግግሬን በሁለት ወረቀቶች ልጀምር። ሁለቱም የአንድ ሰው የደም ምርመራ ውጤቶች ናቸው። በመካከላቸው ሦስት ወር አለ። የወረቀቶቹ ባለቤት የ58 ዓመት ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸውና አንዱን መስመር በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ቫይታሚን ዲ፣ በፊት 14፣ አሁን 41። «ዶክተር፣ እስቲ ይዩልኝ። ልቤ ተስተካከለ» አሉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

የእኔ ዓይን ግን ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ነበር ያረፈው። ኤልዲኤል የምንለው መጥፎው ኮሌስትሮል በፊት 92 ነበር። አሁን 161 ሆኗል። «ጋሼ፣ የኮሌስትሮል መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። «እሱንማ ተውኩት እኮ። ቫይታሚኑ ለልብ ነው ሲሉኝ ሁለቱን ምን አስዋጠኝ?» አሉ።

ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። ይህን የሚል ሰው ብዙ ነው። እሳቸውም ሞኝ አይደሉም። ወረቀቱን አንብበዋል፣ ቁጥሩ ሲጨምር አይተዋል፣ ለጤናቸው ተጨንቀዋል። የተሳሳቱት አንድ ቦታ ብቻ ነው። የቫይታሚን ዲን ቁጥር የልብ ቁጥር አድርገው አነበቡት። ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት ለዚህች ስህተት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ቫይታሚን ዲ ስሙ ቫይታሚን ይሁን እንጂ ሥራው የሆርሞን ነው። ቆዳችን ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር አለ። የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ከዚያ ጉበት ይሠራበታል፣ ቀጥሎ ኩላሊት። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የምናየው ጉበት ሠርቶ የለቀቀውን ነው። ይህ ሆርሞን የሚያርፍባቸው መቀበያዎች ደግሞ በአጥንትና በአንጀት ብቻ ሳይሆን በልብ ጡንቻና በደም ሥር ግድግዳም ላይ ይገኛሉ። መቀበያው እንዳይኖራቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ሬኒን የተባለው የደም ግፊትን የሚያንር ነገር በዝቶ፣ ግፊታቸውም ጨምሮ ታይቷል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ደግሞ (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካው የፍራሚንግሃም ጥናት አንድ ውጤት ወጣ። 1,739 የልብ ሕመም ያልነበረባቸው ሰዎች ለዓመታት ተከታተሏቸው። ቫይታሚን ዲያቸው በሚሊሊትር ከ15 ናኖግራም በታች የነበሩት በልብና በደም ሥር ሕመም ይበልጥ ተጠቁ። በተለይ ደም ግፊት ያለባቸው። ይህን ያነበበ ሐኪም «እንግዲያውስ እንስጣቸው» ቢል አይፈረድበትም። እኔም ብያለሁ።

ግን እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ቫይታሚን ዲው ከፍ ያለ ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከቤት ወጥቶ በእግሩ የሚሄድ፣ የሚሮጥ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ሰው ነው። ዝቅ ያለበትስ? ከአልጋ ያልወረደ ሕመምተኛ፣ ቤት የዋለ አዛውንት፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው። ክብደት ሲጨምርም ቁጥሩ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ ይበተናል። ሰውነት ውስጥ ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ሲነሳም እንዲሁ ይወርዳል። ስለዚህ የታመመ ሰው ቫይታሚን ዲው ያነሰው ስለታመመ ሊሆን ይችላል። ያነሰው ቫይታሚን ነው ያሳመመው ብለን ከደመደምን፣ ክርክራችን ውሃ አያነሳም።

ይህን የሚፈታው አንድ መንገድ ነው። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል። ለግማሹ ቫይታሚኑን፣ ለግማሹ ምንም የሌለበትን መልኩ ግን አንድ የሆነ እንክብል መስጠት። ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ መጠበቅ።

እንደዚህ ሲደረግ የደም ምርመራው ምን አሳየ? ከኮሌስትሮል እንጀምር። እጥረት ያለባቸው 151 አዋቂዎች ለ8 ሳምንት በየሳምንቱ 50,000 አይዩ (የቫይታሚን መጠን መለኪያ ነው) ቫይታሚን ዲ ወይም ባዶ እንክብል ወሰዱ። የቫይታሚን ዲ ቁጥራቸው በደንብ ጨመረ። ኮሌስትሮላቸው ግን አልተሻሻለም። ወደ ደም ግፊት እንሂድ። በ2015 በወጣ ጥናት ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ 534 ሰዎች ለ6 ወር ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። ግማሾቹ በቀን 4,000፣ ግማሾቹ 400 አይዩ ወሰዱ። በግፊታቸው መካከል ልዩነት አልታየም።

ሲአርፒ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ። ብግነት ሲኖር ጉበት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ከፍ ሲል ለልብ ጥሩ ምልክት አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ታይቶ ነበር። ቆየት ብዬ በምነግራችሁ ቫይታል በተባለ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ውስጥ፣ ቫይታሚኑን በወሰዱት ዘንድ ሲአርፒ በ2ኛው ዓመት 19 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በ4ኛው ዓመት ሲለካ ግን ልዩነቱ ደብዝዞ ነበር። ፓራታይሮይድ የሚባለው ሆርሞን በአንጻሩ እጥረቱ ሲሟላ በእርግጥም ይወርዳል። እሱ የካልሲየምና የአጥንት ጠባቂ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የደም ምርመራ ቁጥር ቢሻሻል እንኳ ሰውየው ዳነ ማለት አይደለም። ቶርሴትራፒብ የሚባል መድኃኒት ነበር። ቫይታሚን አይደለም፣ ጥሩውን ኮሌስትሮል ከፍ እንዲያደርግ የተሠራ ኪኒን ነው። 15,067 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ጥሩው ኮሌስትሮል 72 በመቶ ጨመረ፣ መጥፎው 25 በመቶ ቀነሰ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው እልል ይላል። ነገር ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 93 ሰዎች ሲሞቱ ካልወሰዱት የሞቱት 59 ነበሩ። ጥናቱ በ2006 በአስቸኳይ ተቋረጠ። ያን ዜና የሰማሁ ዕለት የተማርኩት አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ተስተካክሏል ሲሉኝ «ሰዎቹስ እንዴት ሆኑ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ታዲያ ቫይታሚን ዲ የወሰዱት ሰዎች እንዴት ሆኑ?

ቅድም በጠቀስኩት በቫይታል ጥናት 25,871 ሰዎች ተሳትፈዋል። ወንዶቹ 50፣ ሴቶቹ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። በቀን 2,000 አይዩ ወይም ባዶ እንክብል እየወሰዱ ከ5 ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት የደረሰባቸው ቫይታሚኑን ከወሰዱት 396 ናቸው። ባዶውን ከወሰዱት 409። ወደ 13,000 በሚጠጉ ሰዎች በአንድ በኩል፣ እንዲሁ 13,000 በሚጠጉ ሰዎች በሌላ በኩል፣ ልዩነቱ የ13 ሰው ነው። ይህ ልዩነት አይባልም።

«ብዙዎቹ መጀመሪያም እጥረት አልነበረባቸውም እኮ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ቫይታሚን ዲያቸው ከ20 ናኖግራም በታች የነበሩት ተለይተው ሲታዩም ልባቸው የተለየ ጥቅም አላገኘም። ኒውዚላንድ ውስጥ 5,000 በሚያህሉ ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት ደግሞ ከአራቱ አንዱ ገደማ እጥረት ነበረበት። በየወሩ 100,000 አይዩ ወሰዱ። የልብ ሕመሙ ቫይታሚኑን በወሰዱት 11.8 በመቶ፣ ባልወሰዱት 11.5 በመቶ ሆነ።

የአውስትራሊያውን ጥናት ብደብቃችሁ ደግሞ ታማኝ አልሆንም። 21,315 ሰዎች፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 84፣ በየወሩ 60,000 አይዩ፣ እስከ 5 ዓመት። በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ ቫይታሚኑን በወሰዱት 6.0፣ ባልወሰዱት 6.6 በመቶ ነበር። ትንሽ ወደ ጥሩ ያዘነበለ ይመስላል። ነገር ግን ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ቢከታተሉት ደስ ይለኛል። የልብ መድኃኒት የሚያስጥል ማስረጃ ግን አይደለም።

ቫይታሚን ዲ ይጣል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እጥረት ሕመም ነው። የሕፃናትን እግር ያጎብጣል፣ የአዋቂን አጥንትና ጡንቻ ያደክማል። እጥረት ያለበት ሰው መታከም አለበት። አዛውንቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ፀሐይ የማያገኙ ሰዎች ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ለአብዛኛው አዋቂ በአሜሪካና በካናዳ የሚመከረው መጠን ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ በቀን 600 አይዩ ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ 800።

ወረቀታችሁን ስታነቡ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈችውን ትንሿን መለኪያ ተመልከቱ። አንዳንዱ ላቦራቶሪ በናኖግራም፣ አንዳንዱ በናኖሞል ነው የሚጽፈው። 20 ናኖግራም ማለት 50 ናኖሞል ነው። አንዲት እናት «30 ሆኗል፣ ጥሩ ነው» ብለው ወረቀታቸውን አሳዩኝ። ጎኑ ላይ ናኖሞል ይላል። በናኖግራም ሲመነዘር 12 ነው። እጥረት ነበረባቸው። ደግሞ በተቃራኒው የሚደነግጥም አለ።

መብዛቱም አይጠቅምም። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑ 2,256 ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 አይዩ ተሰጣቸው። በ2010 ውጤቱ ሲወጣ መውደቁም የአጥንት ስብራቱም ባዶውን ከወሰዱት በልጦ ተገኘ። ያለ ሐኪም ትልልቅ መጠን ለወራት የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ካልሲየም ሊበዛ ይችላል። ያኔ ጥማት ይመጣል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። ታያዛይድ የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እሱም በበኩሉ ካልሲየምን ይይዛል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ቫይታሚናቸውን አላስጣልኳቸውም። 14 እውነተኛ እጥረት ነበር፤ መታከማቸው ትክክል ነው። መጠኑን ብቻ ዝቅ አደረግንላቸው። ከዚያ ወረቀቱን አዙሬ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። በአንደኛው «አጥንት» ብዬ ቫይታሚን ዲን ጻፍኩ። በሁለተኛው «ልብ» ብዬ ኤልዲኤልን፣ ደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ ሲጋራን። ሲጋራ የሚለው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ለካ ያጨሱ ነበር፤ በሦስት ወር ውስጥ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም ጭምር። የኮሌስትሮል መድኃኒቱን በዚያው ዕለት ቀጠሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኤልዲኤላቸው 88 ሆኖ መጡ። ሲጋራውን ገና እየታገሉት ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እስከፈለጋችሁ ድረስ እዚሁ ነኝ። የምርመራ ወረቀት ይዛችሁ ከሆነም አምጡት፣ አብረን እናነበዋለን። ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ የደም ግፊት መለኪያ አስቀምጠናል፤ ከመውጣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ አረፍ በሉና ተለኩ።