የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በብርዳማ አገር የሚገኙ የቆዩ ቤቶች የጡብ ጭስ ማውጫ

በብርዳማ አገሮች፣ በተለይም ዕድሜ ጠገብ በሆኑ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ አድማጮች ስለ ጭስ ማውጫ ጥገና፣ ስለ ውስጥ ገበር ቅየራና እንደ አዲስ ስለ መገንባት ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል የሚከተሉትን መርጬ መልስ ሰጥቻለሁ። ገበር ስል በጭስ ማውጫው ጡብ ውስጥ ከታች እስከ አናቱ የሚዘልቀውን፣ ጭሱንና ሙቀቱን ከጡቡ የሚለየውን የሸክላ፣ የብረት ወይም የሲሚንቶ ቱቦ ማለቴ ነው። ብዙ የቆዩ ቤቶች ይህ ገበር ጭራሽ የላቸውም።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከጣሪያው በላይ ያለው የጭስ ማውጫ ጡብ በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ ፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግንበኛ ጠርተን መጋጠሚያዎቹን በሲሚንቶ አስሞላናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ባሰበት። አፍርሰን እናሠራው ወይስ ጥገና ይበቃዋል?

መልስ፦ ጡባችሁን የሚልጠው እሳቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በመሆኑም በጡቡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የገባ ውሃ ሌሊት እየረጋ ቀን እየቀለጠ በአንድ የብርድ ወቅት ደጋግሞ ሲመላለስ የጡቡ ፊት ከውስጡ ተለይቶ ይወድቃል። ከጣሪያ በላይ ያለው ክፍል በአራቱም ጎን ለዝናብ፣ ለነፋስና ለውርጭ የተጋለጠ ስለሆነ ከቤቱ ግድግዳ ሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ከሲሚንቶው በኋላ የባሰበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። የጥንት ጡቦች ከዛሬዎቹ ይልቅ ለስላሳና ውሃ መጣጭ ናቸው፤ የተያያዙትም በኖራና በአሸዋ ነበር። የኖራው ማያያዣ ከጡቡ የላላ በመሆኑ ጡቡ በሙቀትና በብርድ ሲሰፋና ሲኮማተር ይታገሠዋል፤ ግንቡ የጠጣው እርጥበትም በአብዛኛው በመጋጠሚያው በኩል ተንኖ ይወጣል። በዚህ ምትክ ጠንካራ የፖርትላንድ ሲሚንቶ ሲሞላ መውጫው ይዘጋል፤ እርጥበቱ በጡቡ ፊት በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ ውርጩም እዚያው ያገኘዋል። ስለዚህ ነው መጋጠሚያው ሳይነካ ቆሞ ጡቡ ግን ወደ ውስጥ ተበልቶ የሚታየው። እንዲህ ላለ ግንብ የሚስማማው የኖራ ማያያዣ ወይም ኖራው የበዛበት ለስላሳ ቅልቅል ነው፤ ጥገና የሚሠራላችሁ ሰው ከሥራው በፊት ስለዚህ ጉዳይ ሊያስረዳችሁ ካልቻለ ሌላ ሰው ብትፈልጉ እመርጣለሁ።

ማፍረስ ወይስ መጠገን የሚለው በጡቡ ሁኔታ ይወሰናል። ጡቦቹ ደኅና ሆነው የተበላው መጋጠሚያው ብቻ ከሆነ፣ አሮጌውን ማያያዣ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ፍቆ በማውጣት እንደ ገና መሙላት ይበቃል፤ ላይ ላዩን መቀባት ግን ከሁለት ብርድ አያልፍም። ብዙዎቹ ጡቦች ፊታቸውን ካጡ፣ በእጅ ሲነኩ የሚነቃነቁ ካሉ ወይም ግንቡ ወደ አንድ ወገን ካዘመመ፣ እስከ ጤናማው ረድፍ ድረስ ማፍረስ ያስፈልጋል። ይህ ረድፍ ብዙውን ጊዜ ከጣሪያው ክፈፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ የታችኛው ግንብ በጣሪያው ተከልሎ ደኅና ከቆየ እርሱንም ጨምሮ የሚያፈርስ የሥራ ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

እንደ አዲስ ሲገነባ ከጡቡ ይልቅ እጅግ ልትከታተሉት የሚገባው አናቱን ነው። ብዙ ጭስ ማውጫዎች አናታቸው በስስ የሲሚንቶ ልስን ብቻ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ይህም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሰነጠቅና ውሃውን ቀጥታ ወደ ግንቡ መሐል ያስገባል። ትክክለኛው የአናት ክዳን ብረት የገባበት ኮንክሪት ሆኖ ከግንቡ ወደ ውጭ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚወጣ፣ ከሥሩም ውሃው ወደ ግንቡ ሳይመለስ እንዲንጠባጠብ የሚያደርግ ቦይ ያለው ነው። ገበሩ ሲሞቅ ወደ ላይ ስለሚረዝም ክዳኑ ከገበሩ ጋር ሊጣበቅ አይገባም፤ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ቀርቶ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላል። ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ የሚገባው የብረት ቆርቆሮም ሁለት ድርብ መሆን አለበት፤ አንዱ ከጣሪያው ክዳን ጋር ይያያዛል፣ ሌላው ከላይ ተደርቦ በጡቡ መጋጠሚያ ውስጥ ይቀበራል። በሬንጅ ብቻ የተለደፈ ቆርቆሮ ጥገና አይባልም። ጭስ ማውጫው ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ካለው፣ ከላይ በጣሪያው ተዳፋት በኩል በረዶና ውሃ እንዳይጠራቀምበት ወደ ሁለት ጎን የሚያፈስ ትንሽ ጣሪያ ይሠራለታል።

ጥያቄ፦ አሮጌውን የቤት ማሞቂያ በአዲስ ቆጣቢ ማሞቂያ ተካነው። የአዲሱ ጭስ በፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳ በኩል ይወጣል፤ በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ግን አሁንም አሮጌውን ጭስ ማውጫ ይጠቀማል። አሁን ፎቁ ላይ በግድግዳው ቢጫ እርጥበት ወጣ፤ ከውጭ ጡቡ ላይም ነጭ ዱቄት ይታያል። ጣሪያው እያፈሰሰ ይሆን?

መልስ፦ ጣሪያውን መመርመሩ አይከፋም፤ ነገር ግን እርጥበቱ የታየው ማሞቂያው ከተለወጠ በኋላ ከሆነ ውሃው ከራሱ ከጋዙ የመጣ መሆኑን እጠረጥራለሁ። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን 1 ኪሎ ግራም ሲቃጠል ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የውሃ ተን ይወልዳል። ቀድሞ የትልቁ ማሞቂያ ሙቅ ጭስ ግንቡን ያሞቀው ስለ ነበር ተኑ ሳይረጋ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። አሁን ትንሹ የውሃ ማሞቂያ ብቻውን ሰፊና ቀዝቃዛ በሆነ የጭስ መንገድ ውስጥ ሲያስተነፍስ ጭሱ ቀስ ይላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ተኑም በግንቡ ውስጥ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ይህ ውሃ አሲድነት ስላለው የኖራውን ማያያዣ ያሟሟል፤ ውጭ የምታዩት ነጭ ዱቄትም እርጥበቱ ከግንቡ ውስጥ እየጎተተ ያወጣው ጨው ነው።

ከግድግዳው መበላሸት በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጭሱ ኃይል አጥቶ ወደ ቤት የመመለሱ ነገር ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። በየፎቁና በመኝታ ክፍሎቹ አቅራቢያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሌለ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሳትጨርሱ እንድታስገቡ እለምናችኋለሁ። ባለሙያ እስኪመጣም መስኮቶችን ዘግታችሁ፣ የኩሽናና የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫዎችን ከፍታችሁ፣ የውሃ ማሞቂያው ለጥቂት ደቂቃዎች ከነደደ በኋላ ከአናቱ ባለው የጭስ መቀበያ አጠገብ የዕጣን ወይም የክብሪት ጭስ አስጠጉ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከመሳብ ይልቅ ወደ ክፍሉ ከተበተነ ማሞቂያውን አጥፉት።

መፍትሔው ለውሃ ማሞቂያው አቅም የሚመጥን ጠባብ የብረት ገበር ከታች እስከ አናት ማስገባት ነው፤ ስፋቱም በግምት ሳይሆን በአምራቹ ሠንጠረዥ ይወሰናል። ሌላው አማራጭ የውሃ ማሞቂያውን ጭስ ማውጫ በማይፈልግ ዓይነት ተክቶ አሮጌውን መንገድ ከአገልግሎት ማውጣት ነው፤ በዚህ ጊዜ አናቱ ዝናብ እንዳይገባበት ይከደናል፣ ነገር ግን ግንቡ እንዳይሻግት አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይተውለታል።

ጥያቄ፦ በድሮው ክፍት የእሳት ማንደጃ ውስጥ የእንጨት ምድጃ ማስገባት እንፈልጋለን። የሸክላ፣ የብረትና የሚፈስ ገበር እንዳለ ሰምተናል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ የሸክላ ገበር አሲድን በደንብ ይቋቋማል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ነገር ግን በቆመ ግንብ ውስጥ እርሱን እንደ አዲስ መትከል ግድግዳውን በየቦታው መክፈት ስለሚጠይቅ የሚመረጠው በአብዛኛው ግንቡ ከነጭራሹ ሲፈርስና ሲሠራ ነው። የሚፈሰው ዓይነት በግንቡ ውስጥ በአየር የሚነፋ ረጅም ጎማ ተቀምጦ በዙሪያው ቀላል ሲሚንቶ በመሙላት ይሠራል፤ ጎማው ሲወጣ ለስላሳ መንገድ ይቀራል። ይህ ለደከመ ግንብ ብርታት የሚጨምር መልካም ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከፈሰሰ ግን መልሶ ማውጣት ስለማይቻል ልምድ ያለውን ሰው ይሻል። የማይዝግ ብረት ገበር ከአናት ወደ ታች የሚሰደድ ተጣጣፊ ቱቦ ሆኖ ለአብዛኞቹ ቤቶች ምቹ ነው። የአሉሚኒየም ቱቦ ግን ለአንዳንድ የጋዝ መሣሪያዎች ብቻ የተፈቀደ እንጂ ለእንጨት ፈጽሞ አይሆንም።

ሆኖም ከዓይነቱ ይልቅ ስፋቱና የሙቀት መከላከያው ይበልጥ ይወስናሉ። የምድጃው መውጫ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የቀዳዳው ስፋት 177 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በድሮው ቤት ያለው የጡብ መንገድ ግን 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። የምድጃውን አጭር ቱቦ በዚህ ሰፊ መንገድ አፍ ላይ ሰክቶ መተው በየቦታው የሚታይ ስሕተት ነው፤ የጭሱ ፍጥነት ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆንም በውስጡ ያለው ቅጥራን በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ክሪዮሶት የሚባለውና የጭስ ማውጫ ቃጠሎ የሚያስነሣው ይህ ጥቀርሻ ነው። ስለዚህ ገበሩ ከምድጃው መውጫ ጋር እኩል ሆኖ እስከ አናቱ ሳይቋረጥ ይዝለቅ።

የሙቀት መከላከያውን በተመለከተ፣ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል «ሳይኖርም ይሠራል» የሚል ሐሳብ ሲቀርብላችሁ አትቀበሉ። በገበሩ ዙሪያ የሚጠቀለለው የሴራሚክ ብርድ ልብስ ጭሱን ሙቅ አድርጎ ከማቆየቱም በላይ የቤቱን እንጨት ይጠብቃል። የዛሬ መመዘኛዎች በቤት ውስጥ ባለ ጭስ ማውጫና በእንጨት መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሲጠይቁ፣ በቆዩ ቤቶች የወለሉና የጣሪያው ተሸካሚ እንጨቶች ብዙ ጊዜ ከጡቡ ጋር ተጣብቀው ይገኛሉ፤ ለዓመታት የሞቀ እንጨት ደግሞ ቀድሞ ከሚያስፈልገው ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ገበሩ ከመግባቱ በፊት አሮጌው ጥቀርሻ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረግ፤ ለአንድ ምድጃም አንድ መንገድ ይሁን። የምታነዱት እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልሆነ ግን የትኛውም ገበር ከጥቀርሻ አያድናችሁም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት ጭስ ማውጫችን ውስጥ እሳት ተነሥቶ በራሱ ጠፋ። ከውጭ ምንም ጉዳት አይታይም። ብናነድበት ችግር አለው?

መልስ፦ አታንድዱበት። የጭስ ማውጫ ቃጠሎ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሸክላ ገበር በድንገት ሲሞቅ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፣ የብረቱም ይጣመማል። ይህን ከሳሎን ወይም ከጣሪያ ሆኖ በባትሪ ብርሃን ማየት አይቻልም። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር መመዘኛ ቁጥር 211 የጭስ ማውጫ ምርመራን በ3 ደረጃ ይከፍላል፤ ከቃጠሎ በኋላ፣ ምድጃ ሲለወጥና ቤት ሲሸጥ የሚያዝዘው ሁለተኛውን ደረጃ ነው፣ በዚህም የመንገዱ ውስጥ በአብዛኛው በካሜራ ይታያል። እናንተም የምትኖሩበት አገር ሕግ ምንም ቢል በካሜራ እንዲታይ አድርጉ፤ ምስሉንም ተቀብላችሁ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ጡቡን ውሃ በማያስገባ ቀለም ብንቀባው አይበቃም?

መልስ፦ ፊቱን የሚያሽግ ቀለም የገባውን እርጥበት ውስጥ ስለሚያስቀር ጡቡን ያፈርጠዋል። ተን የሚያሳልፍ፣ ሲላንና ሲሎክሳን የሚባሉ ውሃ የሚገፉ ኬሚካሎች ያሉበት መቀቢያ አለ፤ እርሱም ቢሆን ክዳኑ፣ ቆርቆሮውና መጋጠሚያው ከተጠገኑ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ብርድ በበረታበት ጠዋት እሳት ስናቀጣጥል ጭሱ ሁሉ ሳሎን ይሞላል። ጭስ ማውጫውን ከፍ ብናደርገው ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ቁመቱን ለኩ። የተለመደው መመዘኛ ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ እንዲሁም በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማናቸውም የጣሪያ ክፍል በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ነው። ይህን ካሟላ ጡብ መጨመሩ የሚጋለጠውን ግንብ ከማብዛት በቀር ብዙ አይጠቅማችሁም። ችግሩ ማለዳ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ጭስ ማውጫው በቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ የተሠራ ከሆነ፣ በውስጡ ያደረው ቀዝቃዛ አየር ከሳሎኑ አየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይጫናል። ትልቁን እሳት ከማቀጣጠላችሁ በፊት ጥቂት ጋዜጣ ወደ መንገዱ አፍ አስጠግታችሁ በማንደድ ግንቡን አሙቁት፤ የኩሽናውን አየር ማውጫ አጥፉ፤ በአጠገቡ ያለውን መስኮትም ጥቂት ክፈቱ። ቤቱ በቅርቡ መስኮትና በር ተለውጦለት አየር የማያስገባ ከሆነ ለእሳቱ የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው፤ ይህም የውጭ አየር ማስገቢያ በመሥራት ይፈታል። ዘላቂው መድኃኒት ግን እንዲህ ላለ ጭስ ማውጫ ሙቀት መከላከያ ያለው ገበር ነው።

ጥያቄ፦ ብርዱ ገብቷል። ሥራውን አሁን ማሠራት ይቻላል?

መልስ፦ የብረት ገበር ማስገባት ጣሪያው ላይ በደኅና መቆም እስከተቻለ ድረስ ይቻላል። የግንብ ሥራ ግን የአየሩ ሙቀት ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ድንኳን ተወጥሮ ካልሞቀ በቀር አይሠራ፤ ትኩስ ማያያዣ ውርጭ ካገኘው ይፈረካከሳል፣ ኖራ ደግሞ ከሲሚንቶ ዘግይቶ ስለሚጠነክር ውርጭ ከመጀመሩ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ ሊያልቅ ይገባዋል። ግንቡ የግድ መጠበቅ ካለበት አናቱን በጊዜያዊ ክዳን ሸፍናችሁ፣ አደገኛ የሆነውን ምድጃ ሳትጠቀሙ እስኪሞቅ ቆዩ። ሁለቱም ሥራ ካለባችሁ ግንቡ ይቅደም፣ ገበሩ ይከተል፣ የአናት ክዳኑ በመጨረሻ ይፍሰስ። ሲሚንቶ የታሰበለትን ጥንካሬ የሚያገኘው በ28 ቀን ገደማ ስለሆነ እስከዚያ አታንድዱ፤ ከዚያም በኋላ የመጀመሪያዎቹ እሳቶች ትንንሽ ይሁኑ።