ጎደሬና ሸራ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ ቡና አምራቾች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ይህን የጎደሬ ቅጠል ዛሬ ጠዋት ከጓሮዬ ነው የቆረጥኩት። ውሃ ላንጠባጥብበት። አያችሁ? አልረጠበም። ጠብታው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ሆኖ ተንከባለለ፤ ያገኘውንም አቧራ ይዞት ወረደ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሁሉ ይህን በልጅነቱ አይቶታል።

ቅጠሉ ሰም ለብሷል። ሰም ብቻውን ግን ይህን አያደርግም። ለስላሳ ገጽ ላይ ሰም ብትቀቡ፣ ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ110 ዲግሪ እምብዛም አይዘልም፤ ማዕዘኑ በሰፋ ቁጥር ጠብታው ይበልጥ ይድቦለቦላል። የማያጣብቅ መጥበሻ የሚቀባው ቴፍሎንም እዚያው አካባቢ ነው። ከ150 በላይ የሚያደርሰው ቅርጽ ነው። ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ጉብታዎች አሉ፤ በእነሱም ላይ እጅግ የደቀቁ የሰም ቅንጣቶች። ውሃው ጫፍ ጫፋቸው ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለው አየር ነው። ካሲና ባክስተር የተባሉ ሳይንቲስቶች ይህን እ.ኤ.አ. በ1944 በቀመር አስቀመጡት። ጀርመናውያኑ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ባርትሎትና ናይንሁይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የሎተስ ቅጠል ራሱን እንዴት እንደሚያጸዳ አሳዩ።

አሁን እዚህ ጋ በአውራ ጣቴ ላሸው። ጠብታው ተጣበቀ። ሰሙን አበላሸሁት ማለት ነው። ውሃ የሚመልስ ቅብ የምንሠራ ሰዎች ትልቁ ጣጣችን ይኸው ነው።

የምሠራው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲደርቅ ለሚለብሰው ሸራ የሚሆን ቅብ ነው። ደርቆ ሊያልቅ የተቃረበ ቡና እንደገና ከራሰ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሸራ በሰምና በደቃቅ ሲሊካ ቀባሁት። ላቦራቶሪ ውስጥ ግሩም ነበር። አንዲት ገበሬ እናት ዘንድ ስወስደው ግን ማታ ማታ አጥፈው አስገቡት፤ ጠዋት ጠዋት ዘርግተው ጎተቱት። ብዙም ሳይቆይ ውሃው በእጥፋቶቹ መስመር ላይ ተኛ። እሳቸው ያሳዩኝን የትኛውም መሣሪያ አላሳየኝም። አሁን ማዕዘን ከመለካቴ በፊት ሸራውን መቶ ጊዜ አጥፋለሁ፣ በአሸዋ አሻለሁ።

ለምን ፍሎሪን በተባለው ንጥረ ነገር ውህዶች አትሠራም የሚሉኝ አሉ። ዘይትን ለመመለስ ፍሎሪን በእርግጥ ያግዛል። የዘይት የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ጠብታውን ሰብስቦ የሚይዘው ኃይል፣ ከውሃው ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ በቀላሉ ይሰርጋል። ግን እኛ ሸራ ላይ ዘይት አይዘንብም! ከእነዚህ ውህዶች ብዙዎቹ አፈርና ውሃ ውስጥ ገብተው አይበሰብሱም። የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት አንዱን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሌላውን በ2019 ከሚገደቡትና ከሚወገዱት ኬሚካሎች ዝርዝር አስገብቷል። ከሸራ የተፋቀ ቅብ የሚወርደው ቡናው ላይና ከሥሩ ባለው መሬት ላይ ነው። እኔ አልቀባውም።

ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው መኸር ሸራዎቹን ይዘን አልጋዎቹ ዘንድ እንወርዳለን። መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን በር ላይ አስመዝግቡ። ቅጠሉን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ፤ ውሃም አለ፣ ኑና ሞክሩት።