ሲቢጂ፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና በጥናት የታየው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። እዚህ አሜሪካ የ2018ቱ የእርሻ ሕግ ሄምፕን፣ ማለትም የማያሰክረውን የካናቢስ (የሐሺሽ ተክል) ዓይነት፣ ከፈቀደ ወዲህ የሄምፕ ዘይት በየሱቁ ሞልቷል። ከዚሁ ተክል የሚወጣውን ሲቢዲን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አሁን ደግሞ ሲቢጂ የሚል ጠርሙስ እያሳያችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

ሙሉ ስሙ ካናቢጀሮል ነው። በ1964 እስራኤል ውስጥ ራፋኤል ሜሹላምና የሂኤል ጋኦኒ ከካናቢስ ለይተው አወጡት። ከአንድ ሊጥ እንጀራም አነባበሮም እንደሚጋገር፣ ተክሉም ሲቢዲንና የሚያሰክረውን ቲኤችሲ የሚሠራው ከሲቢጂ አሲድ ነው። ሲደርስ አብዛኛው ተለውጦ ያልቃል። የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ጠርሙሱን ካመናችሁ የማያድነው የለም። በአይጦች ላይ የአንጀት ብግነትን ሲያበርድ ታይቷል። ደስ ይላል፤ ግን አይጥ ላይ ነው።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ሰው ላይ የተሠራው ነው። ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመራው ይህ ጥናት በ2024 ወጣ። 34 ጤነኛ ሰዎች አንዴ 20 ሚሊግራም ሲቢጂ፣ ሌላ ጊዜ ምንም የሌለበት ጠብታ ወሰዱ። የቱ የቱ እንደሆነ አልተነገራቸውም። ሲቢጂ የወሰዱ ጊዜ ጭንቀታቸው ቀለል አለ፤ አልሰከሩምም። ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን ሰዎቹ ካናቢስ የለመዱ ነበሩ፤ የታየውም የአንድ ጊዜ መጠን ነው። በየቀኑ፣ ለወራት፣ የግፊት ኪኒን ላይ ደርበው ለሚወስዱት እናታችን ከዚህ ተነስቼ «ይውሰዱት» ማለት አልችልም።

የሚያሳስበኝም ይኼው ነው። በእኛ ቤት ደም ግፊት ብዙ ነው። ሲቢጂ ደግሞ የአይጦችን የደም ግፊት ዝቅ ሲያደርግ ታይቷል። ብዙ ጠርሙሶች ሲቢዲም አለባቸው፤ ሲቢዲ ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋር ይጋጫል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ልጆቻችሁ ገዝተው ቢያመጡላችሁም ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ። «ሐሺሽ ተጠቃሚ ይለኛል» ብላችሁ አትፈሩ።

ሾፌሮች፣ የሄምፕ ምርት ጥቂት ቲኤችሲ ሊኖረው ይችላል። የሽንት ምርመራ ላይ ሊወጣባችሁ ይችላል። በዱባይ በኩል አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳትከቱት። እዚህ የተፈቀደው እዚያ ሊያሳስር ይችላል።

ጠርሙስ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ አሁን ስንጨርስ እዚያ ጠረጴዛ ጋ ነኝ። የምትወስዱትንም መድኃኒት አሳዩኝ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን።