ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

በፒያሳ ለፎቶ ቤት፣ ለማተሚያ ቤትና ለአነስተኛ ቢሮ ባለቤቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ጥቁር ሣጥን ፋይል ሰርቨር ነው፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት ማሽን። እየሠራ ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አንድ ፎቶ ቤት ልንገራችሁ። ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ሰርቨሩን የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ ብዬ አስረድቼ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እነሱም ተነሡ። ዕቃ በሚጫንበት ቀን ላግዛቸው ሄድኩ። ሰርቨሩን ጥግ ላይ አገኘሁት። ነጭ የእጅ ሥራ ዳንቴል ለብሷል። አቧራ እንዳይገባበት ብለው ነው፤ ድሮ ቴሌቪዥን እንደሚለብሰው። ዳንቴሉን ገለጥ ሳደርግ የአንደኛው ዲስክ መብራት ብርቱካናማ ሆኗል። መዝገቡን አየሁ። ዲስኩ ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል።

ቶሎ ብዬ ፋይሉን ልገለብጥ ስል መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆየም። መብራት ሲመጣ ሁለተኛው ዲስክ አልተነሣም። የዘጠኝ ዓመት ሠርግ እዚያው ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እናት መጡ። ወንድማቸው አርፈው ነበር፤ ለአርባው የሚሆን ፎቶ ፈልገው ነው። ፎቶው ያለው እዚያ ሰርቨር ላይ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ሲመልስላቸው አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጥፋቱ የዳንቴሉ አይደለም። ዲስክ ሲበላሽ ለሰው መልእክት እንዲልክ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር፤ አላደረግኩትም።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቼ ሁሉ የምለው አንድ ነው። የኮምፒውተሩን መልክ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚታየውን መስኮትና ሜኑ፣ ሠራተኞቻችሁ ይምረጡ። ገንዘባችሁንና ጭንቀታችሁን ሰርቨሩ ላይ አውሉት። መልኩን በአንድ ማታ መቀየር ይቻላል።

ብዙዎቻችሁ ግን የምትጠይቁኝ ስለ መልኩ ነው። «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ልናስገባ ነው፣ የቱ መልክ ይሻላል?» መልኩ እንዲህ ብዙ የሆነው ለምንድን ነው? ሊኑክስ ባለበት በዩኒክስ ቤተሰብ ውስጥ ሥሩና መልኩ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። በ1984 (ይህንና ቀጥሎ ያሉትን ዓመቶች በፈረንጅ ነው የምጠራው) በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም መስኮት መሳል ይችላል። መስኮቱ ምን ይምሰል፣ ሜኑው የት ይቀመጥ የሚለውን ግን ለሌላው ተወው። በ1996 ማቲያስ ኤትሪክ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ ኬዲኢ የተባለውን መልክ ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ሁለት ሜክሲኳውያን፣ ሚጌል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና፣ ግኖም የተባለውን ሌላ መልክ ጀመሩ። ኬዲኢ የተሠራበት የሶፍትዌር መሣሪያ ያኔ ሙሉ በሙሉ ነፃ ስላልነበረ ነው። በ2011 ግኖም መልኩን ከሥር እስከ ላይ ሲቀይር፣ የድሮውን የወደዱት ሰዎች ማቴ ብለው ይዘውት ቀሩ። ማቴ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ እንደኛ ቡና የሚጠጣ ቅጠል ነው።

የእኔን ሐሳብ ከፈለጋችሁ፣ 4 ጊጋ ራም ላለው አሮጌ ላፕቶፕ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ መልክ ወይም ማቴ ይበቃዋል። 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ካለ፣ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ኬዲኢን እመርጣለሁ። ሜኑው የለመደው ቦታ ላይ ነው ያለው። ግኖም ንጹሕና የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት አንድ ዓይነት ስክሪን ላይ የሠራ ሒሳብ ሠራተኛ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ከሊኑክስ ይልቅ ፍሪቢኤስዲ የተባለውን የዩኒክስ ዘመድ የምትጠቀሙ ካላችሁም እነዚህ ሁሉ እዚያም አሉ።

ግን ከኔ ምክር ይልቅ ጸሐፊዋን አስቀምጧት። እውነተኛ ደብዳቤ ስጧት። አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ እንዲህ አድርጌ ነበር። ልጅቷ አንድ ገጽ አቤቱታ ስትተይብ ዝም ብዬ አየሁ። ፊደሉ እየመጣላት ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ እጇን አነሣችና «አራት ነጥቡ የት ነው?» አለችኝ። ኮለንን ሁለት ጊዜ ምቺው አልኳት፤ መጣላት። እሷ ያንን ባትጠይቅ ኖሮ ቢሮው በሁለተኛው ቀን «ይሄ ነገር አማርኛ አይችልም» ብሎ ወደ ድሮው ይመለስ ነበር። ሌላም አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው የሚሆኑት። እነሱን አስቀድማችሁ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩ።

አሁን ወደ ሰርቨሩ። እዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅርታ አድርጉልኝ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት አንሥቶ የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። ጀርባቸው ላይ «እስከ 2,000 ሜትር» የሚል የተጻፈባቸው ፓወር ሰፕላዮች አሉ። ስትገዙ ገልብጣችሁ አንብቡ። ማራገቢያው ትልቅ ይሁን፣ ፊቱም ጀርባውም ይተንፍስ። ቁምሳጥን ውስጥ አታስገቡት። አቧራውን በየሦስት ወሩ አስነፉት። ዳንቴሉን ለሶፋው።

ቀጥሎ መብራት። እዚህ ሰርቨር የሚገድለው መብራት መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ሲመጣ አጓጉል መምጣቱም ነው። ጥሩ ዩፒኤስ ግዙ፣ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ። የዩፒኤስ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው የሚያገለግለው። በዓመት ሁለቴ ከሶኬቱ ንቀሉትና ሰዓት ያዙ። ያን ቀን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ይህን ብናደርግ ኖሮ ባትሪው ማለቁን ቀድመን እናውቅ ነበር።

ነጋዴው ሬይድ ካርድ፣ ማለትም ዲስኮቹን አንዱን የሌላው ግልባጭ የሚያደርግ ካርድ፣ ያለው ዩዝድ ሰርቨር ሊሸጥላችሁ ይችላል። ዩዝድ መግዛት አልከለክልም። እንዲያውም ስሕተት የሚያርመው ኢሲሲ ራም በርካሽ የሚገኘው እንዲህ ባሉት ላይ ነው። ካርዱን ግን ፈራሁት። ካርዱ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ዲስኮቹን የሚያነባቸው ያው ዓይነት ካርድ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ቀን ትፈልጉታላችሁ? ስለዚህ ግልባጩን ሶፍትዌር ይሥራው እላለሁ። የኔ ምርጫ ሰን ማይክሮሲስተምስ ሠርቶ በ2005 ያወጣው ዜድኤፍኤስ የተባለ የፋይል አያያዝ ሥርዓት ነው። ፍሪቢኤስዲ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ማሽኑ ቢቃጠል ዲስኮቹን ነቅላችሁ ሌላ ማሽን ላይ ትሰካላችሁ፤ ይነበባሉ። ለሚጽፈው ለያንዳንዱ ቁራጭ ማረጋገጫ ቁጥር ያስቀምጣል። ሲያነብ ያመሳክራል። ካልገጠመ ከሌላው ዲስክ ደህናውን አምጥቶ የተበላሸውን ይጠግናል። በወር አንዴ ሁሉንም እንዲያጣራ እዘዙት።

ዲስክ ስትገዙ ኤስኤምአር የሚባለውን ራቁ። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ አንዱ መስመር በሌላው ጫፍ ላይ ተደርቦ ነው የሚጻፈው። መሐል ያለውን ለመቀየር አጠገቡ ያለውንም ማንሣት አለበት። የሞተ ዲስክ ተክታችሁ ግልባጩ ሲሠራ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ በነዚያ ቀናት በአንድ ዲስክ ነው ያላችሁት። መስመሮቹን ሳይደራርብ የሚጽፈውን፣ ሲኤምአር የሚለውን ጠይቁ።

ቢሮው ውስጥ ዊንዶውስ የቀረ ካለ አትጨነቁ። ከ1992 ጀምሮ ያለ ሳምባ የሚባል ፕሮግራም ሁሉንም ያገናኛል። ስሙን ለመያዝ አማርኛ ተናጋሪ አይቸገርም፤ ቢሮው የሚተነፍሰው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ግልባጭ ዲስክ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ አይደለም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ላይ እኩል ይሰረዛል። ሌባ ሲገባም ሣጥኑን እንዳለ ነው የሚወስደው። በየሳምንቱ አንድ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ወደ ቤታችሁ ይሂድ። በወር አንዴ ደግሞ ከዚያ ቅጂ አንድ ፋይል ክፈቱ። ያልተከፈተ ባክአፕ አለ አይባልም።

እሺ፣ ሣጥኑ። ግድግዳው ላይ የምታዩት የሠርግ ፎቶ በተራ በተራ የሚመጣው ከዚህ ሰርቨር ነው። ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ይምጣልኝ። እርስዎ፣ አባባ፣ ይምጡ። ከሁለቱ ዲስኮች የፈለጉትን ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ አይፍሩ። ስልኬን እዚህ ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ። ፎቶዎቹ መምጣታቸውን እናንተ ተመልከቱ፤ እኔ መልእክቱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርሰኝ ሰዓት እይዛለሁ።